የአንድ ሰዓት ማስጠናት ዋጋ እንዴት 200 ብር ሆነ?

መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጎንደር

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ደብተርና ዩኒፎርም ስትገዙ፣ መመዝገቢያ ስትከፍሉ የሰነበታችሁበት ወር ነው። በዚህ ላይ የክፍያ ለውጥ ሲጨመር ደስ እንደማይል እናውቃለን። ስለዚህ ዋናውን ነገር ከፊት እናስቀምጠው። ከጥቅምት 1 ጀምሮ የቤት ለቤት ማስጠናት ክፍያችን በወር መሆኑ ቀርቶ በሰዓት ይሆናል። ዋጋው በሰዓት 200 ብር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ለሚያጠና ልጅ በወር 3,200 ብር ይመጣል። አምና ለዚሁ የምትከፍሉት 2,400 ብር ነበር።

ጭማሪው ቀላል አይደለም። እንዴት እዚህ ቁጥር ላይ እንደደረስን ሳንነግራችሁ ክፈሉ ልንላችሁ አንችልም።

አምና ዋጋ ስናወጣ ያደረግነው ነገር ቢኖር ሌሎች ስንት እንደሚያስከፍሉ ጠይቀን ከዚያ ቀነስ ማድረግ ነው። ደንበኛ እንዳይሸሸን ብለን። አስጠኚው እጅ ላይ ስንት እንደሚቀር ቁጭ ብለን አላሰላንም። ኅዳር ላይ ሦስት ጎበዝ አስጠኚዎች በአንድ ወር ውስጥ ለቀቁብን። አንዱ ከአራዳ ወደ አዘዞ እየተመላለሰ ፊዚክስ የሚያስጠና መምህር ነበር። ሲለቅ አልተቆጣም፣ አላማረረም። ደብተሩን አወጣና ሒሳቡን አሳየን።

በሰዓት ከምትከፍሉት 150 ብር ለእሱ የሚደርሰው 100 ነበር። የሁለት ሰዓት ጥናት ማለት 200 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለታክሲና ለባጃጅ ደርሶ መልስ 60 ብር ያወጣል። 140 ይቀረዋል። ግን ለዚያ 140 ብር የሠራው ሁለት ሰዓት ብቻ አይደለም። ታክሲ ጠብቆ፣ ተሳፍሮ፣ ወርዶ በእግር ሄዶ፣ ተመልሶ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ማታ ቤቱ ተቀምጦ ጥያቄ ሲያዘጋጅና የልጁን ወርክሺት ሲያርም ሌላ አንድ ሰዓት። አራት ሰዓት ሆነ። 140 ብር ለአራት ሲካፈል 35 ብር ነው።

በሰዓት 35 ብር። ያንን ቁጥር ስናይ አፈርን። በዚያ ክፍያ እስከ ኅዳር መቆየቱም ልጆቹን ስለሚወድ ነው።

ጉዳቱ ግን የእሱ ብቻ አልነበረም። እሱ ሲሄድ ሌላ ላክን፣ ጥር ላይ ደግሞ ሌላ። በአንድ ዓመት ሦስት ሰው የተቀያየረበት ልጅ አለ። አዲስ አስጠኚ በመጣ ቁጥር ልጁን እስኪያውቀው ሦስት አራት ቀን ያልፋል። የዚያንም ቀን ክፍያ እናንተ ከፍላችኋል። እናንተንም ልጆቻችሁንም ይቅርታ እንጠይቃለን።

አሁን ታዲያ 200 ብሩ የት ይሄዳል? 130 ብር ለአስጠኚው። 30 ብር ለመንገድ፣ ይህም ከደመወዙ ተለይቶ የሚታሰብ ነው። 10 ብር ለወረቀትና ለፎቶ ኮፒ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ በኋላ የወረቀት ዋጋ የት እንደደረሰ ደብተር የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። የቀረው 30 ብር ለቢሮ ኪራይ፣ አስተባባሪያችን ለምትሠራው ሥራና ለግብር ነው። በአዲሱ ስሌት ያ የፊዚክስ መምህር ለአራት ሰዓት ድካሙ 260 ብር ያገኛል፤ በሰዓት 65 ብር ማለት ነው። አሁንም ብዙ ነው አንልም። ግን አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሊቆይበት የሚችል ክፍያ ነው።

ለዝግጅቱም ለምን እንደምንከፍል በአንድ ልጅ ላይ ያየነውን እንንገራችሁ። ባለፉት ዓመታት በኮቪድም፣ በጸጥታውም ምክንያት ልጆቻችን ያለፋቸው ብዙ ትምህርት አለ። የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ አልጀብራ አልገባ ብሏት ወደ እኛ መጣች። አስጠኚዋ የመጀመሪያ ቀን አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደምሪ አለቻት። ልጅቷ ሳታመነታ ሁለት አምስተኛ ብላ ጻፈች። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምራ። አልጀብራው አልነበረም ችግሩ። ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት ያለፋት ክፍልፋይ ነው።

አስጠኚዋ ያን ቀን አላረመቻትም። ማታ ቤቷ ሄዳ አሰበችበት። በሚቀጥለው ቀን ከወረቀት ክብ ቆርጣ መጣች። «ይሄ እንጀራ ነው። ግማሹን ሰጠሁሽ። አነሰኝ አልሽና ሲሶ ጨመርኩልሽ። አሁን ያለሽ ከግማሽ ይበልጣል ያንሳል?» ልጅቷ ሲሶን ከአያቷ አፍ ታውቀዋለች። «ይበልጣላ!» አለች። «ሁለት አምስተኛስ?» ዝም ብላ ወረቀቱን አየችው። ከዚያ እርሳሱን አነሳችና የጻፈችውን ራሷ ሰረዘችው። አምስት ስድስተኛ ላይ ለመድረስ ያን ቀን ሙሉውን ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። አልጀብራውን የጀመሩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ያቺ ወረቀት የተቆረጠችበት ሰዓት በማንም ሒሳብ ውስጥ አልነበረችም። አሁን ገብታለች።

በከተማችን ብዙ ሰው በክፍል ደረጃ ነው የሚያስከፍለው፤ ለታናናሾቹ ርካሽ፣ ለትልልቆቹ ውድ። እኛ እስከ 10ኛ ክፍል አንድ ዋጋ ያደረግነው በእነዚህ ዓይነት ልጆች ምክንያት ነው። መሠረቱ የጎደለ የ6ኛ ክፍል ልጅ ከጎበዝ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የበለጠ ዝግጅት ይጠይቃል። ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ግን በሰዓት 240 ብር ነው። እነዚህን በደንብ የሚያስጠና ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ተጨማሪው 40 ብር ሙሉ በሙሉ ለአስጠኚው ይሄዳል።

ስለ 12ኛ ክፍል ካነሳን አንድ ነገር እንጨምር። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016ም 5.4 በመቶ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግንቦት ሲደርስ የተጠየቀውን ሁሉ የሚከፍል ወላጅ አይተናል። እኛ በግንቦትና በሰኔ ዋጋ አንጨምርም። በተጨነቀ ሰው ላይ ዋጋ መስቀል ነውር ነው ብለን እናምናለን። ደግሞም አራት ዓመት የተጠራቀመ ክፍተት በአንድ ወር አይሞላም። ያለችው ገንዘብ ትንሽ ከሆነች ከአሁኑ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን መያዙ ግንቦት ላይ በየቀኑ ከማስጠናት ይሻላል።

አንድ አባት ደግሞ «ልጄ ከ90 በላይ ካመጣ እጥፍ ልክፈላችሁ፤ ካላመጣ ግማሹን» ብለውን ነበር። ከቅን ልብ እንዳሉት እናውቃለን፤ ግን አልተቀበልንም። ክፍያው በውጤት ከሆነ አስጠኚው የሚያስበው ስለሚመጣው ፈተና ብቻ ይሆናል። የቤት ሥራውን ራሱ ይሠራለታል፣ የአምናውን ፈተና ያስሸመድደዋል። እንጀራ ቆርጦ ወደ ክፍልፋይ የሚመለስ አይኖርም።

ሌላ አባት የጠየቁን ጥያቄ ብዙ አሳስቦናል። «በጎንደር ትምህርት ይሸጥ ነበር ወይ? የኔታ መቼ ዋጋ ጠይቀው ያውቃሉ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። በበአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም፣ ማለትም የዜማና የሽብሸባ ትምህርት፣ ሊማር ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ፣ ለየኔታ ውኃ ቀድቶና እንጨት ለቅሞ ነው የተማረው። ግን የኔታም ደብሩ መሬት ሰጥቷቸው፣ ምእመኑም ቀለባቸውን ችሎ ነው ወንበር ዘርግተው የተቀመጡት። ወጪው ያኔም ነበር፤ አገር ተካፍሎ ይሸከመው ነበር። የዛሬው አስጠኚ የቤት ኪራይ አለበት፣ ልጆች አሉት፤ ሸክሙም በአንድ ወላጅ ኪስ ላይ ወድቋል። ይህ እንደሚከብዳችሁ ስለምናውቅ ከእያንዳንዱ ሰዓት ክፍያ ለቢሮ ከሚቀረው 30 ብር ላይ 5 ብር ለይተን እናስቀምጣለን። አቅም ላጠረው ቤተሰብ ልጅ ከዚያ እንደጉማለን። ቢሮ መጥታችሁ ለአስተባባሪያችን ብቻ ንገሯት። ማንም አይሰማም፣ አስጠኚውም አያውቅም።

ከዚህ ውጭ ግን በዋጋ አንደራደርም። አምና በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት እናቶች ቡና ላይ ሲጨዋወቱ አንዷ ከሌላዋ 400 ብር አስበልጣ እንደምትከፍል አወቀች። አስጠኚው አንድ፣ ሰዓቱ አንድ። ልዩነቱ አንዷ መከራከሯ፣ ሌላዋ ዝም ማለቷ ነው። ጨዋ የሆነ ሰው መቀጣት የለበትም።

ክፍያው ከከበዳችሁ ሌላም መንገድ አለ። ማራኪ ሰፈር ባለው ቤታችን ልጆችን በቡድን እናስጠናለን። ለአንድ ልጅ በሰዓት 80 ብር ነው። ከአራት ልጅ በላይ አንቀላቅልም፤ አምስተኛው ሲገባ ከኋላ የሚደበቅ ልጅ ይኖራል። የጎረቤት ልጆችን ራሳችሁ አሰባስባችሁ ብትመጡ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ማንበብ ገና ላልያዘ ትንሽ ልጅ ግን ቡድን አንመክርም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቀጥረን ብናስጠናስ የምትሉም አላችሁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ይህ መልካም ዕድል ነው። ከእኛ በርካሽ ያስጠናሉ፤ በጣም ጎበዞችም አሉ። ለ3ኛ ወይም ለ4ኛ ክፍል ልጅ የቤት ሥራ የሚያግዝ ሰው ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ እኛ ጋ አትምጡ፣ እነሱን ያዙ። በፈተናቸው ሰሞን ማን እንደሚተካቸውና መቼ እንደሚመረቁ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ክፍያው በሰዓት መሆኑ እናንተን የሚጠቅምበት ቦታም አለ። በወር ስትከፍሉ ጥር ላይ ትጎዱ ነበር። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ በጎንደር ማን ደብተር ይዞ ይቀመጣል? መንገዱ ሁሉ በሰው ይሞላል፣ ቤቱ ሁሉ እንግዳ አለበት። ስምንት ቀን መጠናት ሲገባው ስድስት ተጠንቶ የስምንቱ ይከፈል ነበር። ከእንግዲህ ያልተጠና ሰዓት አይከፈልም።

ልጁ ከታመመ ወይም መንገድ ከሄዳችሁ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ደውሉልን፤ ምንም አይታሰብም። ሳትነግሩን አስጠኚው መጥቶ በር ላይ ከተመለሰ የአንድ ሰዓት ይታሰባል። እኛ ከቀረን ደግሞ በሌላ ቀን እንተካለን፤ የመጀመሪያውን ሰዓት አናስከፍልም። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ለቢሮው ይሁን። ለአስጠኚው በእጁ አትስጡት፤ ሒሳብ ሲጣረስ ሁለታችሁም ትቀያየማላችሁ። የጥቅምትን ክፍያ አስቀድማችሁ የከፈላችሁ እስከ ጥቅምት 30 በአምናው ዋጋ ትቀጥላላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ልጅ ነጻ ነው። አስጠኚው ልጁ የቱ ጋ እንደቆመ አይቶ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚበቃው ይነግራችኋል። አያስፈልገውም ካለም ይነግራችኋል። ከመስቀል በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች ከ8 እስከ 11 ሰዓት ቢሮ ነን። ስትመጡ የልጃችሁን የአምናውን የሒሳብ ደብተር ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የማስጠኛ ማዕከሉ ባልደረቦች