የሦስቱን ዓመት ደመወዝም ቁጠሩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ አሜሪካ ውስጥ የማደንዘዣ ነርሶች፣ ማለትም ሲአርኤንኤዎች፣ ስንት እንደሚከፈላቸው ጽፋችሁ ነበር። አልተሳሳታችሁም። የመንግሥት አሃዝም ለሜይ 2024 መካከለኛውን ደመወዝ በዓመት ከ220 ሺህ ዶላር በላይ ነው የሚያደርገው። ግን ጋዜጣው ከወጣ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። የሚደውሉልኝ ነርሶች ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "እህቴ፣ ርካሹ ትምህርት ቤት የቱ ነው?"

እኔ አሁን የዚሁ የማደንዘዣ ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከዚያ በፊት ሜሪላንድ ውስጥ አይሲዩ፣ ማለትም የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ስድስት ዓመት ማታ ማታ ሠርቻለሁ። እኔም ያኔ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። አንድ ጠዋት ከሥራ እንደገባሁ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ እቁብ በምጽፍበት ደብተር ላይ የአራት ትምህርት ቤቶችን ክፍያ ደረደርኩ። ባለቤቴ ቡናውን ይዞ መጣና ደብተሩን አይቶ "የአንቺ ደመወዝ የታለ?" አለኝ። አልጻፍኩትም ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከ2022 ጀምሮ የሚገባ ተማሪ ሁሉ የሚማረው ለዶክትሬት ነው፤ ቢያንስ 36 ወር ይፈጃል። ትምህርቱ ሙሉ ቀን ነው፣ ክሊኒካሉ፣ ማለትም የሆስፒታሉ ልምምድ፣ ሌሊትም ይጨምራል፣ ስለዚህ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ሥራ አትሥሩ ይላሉ፣ ባይሉም ጉልበቱ ከየት ይመጣል። በዓመት 90 ሺህ የምታገኝ ነርስ ሦስት ዓመት ካቆመች 270 ሺህ ዶላር ቀረባት ማለት ነው። ከብዙ ትምህርት ቤቶች ክፍያ ይበልጣል። አገር ቤት የምትልከው ገንዘብ ግን አይቆምም፣ የልጆች መዋያም አይቆምም።

ስለዚህ እኔ የመረጥኩት ቤቴን ሳልለቅ የምማርበትን ነው። የስቴት ዩኒቨርሲቲ ለነዋሪ ይቀንሳል፤ ግን ነዋሪ ለመባል ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት መኖርን ይጠይቃል፣ ለትምህርት ብለው ሄደው የተከራዩት ቤት አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም። ክሊኒካሉ የት እንደሆነም ጠይቁ። ሦስት ሰዓት የሚያስነዳ ሆስፒታል ከተመደባችሁ ሁለት ቤት ኪራይ ልትከፍሉ ነው። ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ ስንት ተማሪ እንዳቋረጠና ስንቱ የቦርድ ፈተናውን፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ የሚወሰደውን የሙያ ፈተና፣ በመጀመሪያው እንዳለፈ ድረ ገጻቸው ላይ ማውጣት ግዴታቸው ነው። እሱን ሳታዩ እንዳታመለክቱ። ግማሽ መንገድ ላይ ከመቅረት የሚበልጥ ውድ ነገር የለም፤ ዕዳው አለ፣ ዲግሪው የለም።

ብድሩም ተለውጧል። እስከ ሙሉው ወጪ ያበድር የነበረው ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጣሪያው በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100 ሺህ ነው። እንደ ሕክምና ያሉት "ፕሮፌሽናል" የሚባሉት ዓመታዊ ጣሪያቸው 50 ሺህ ነው፤ የትምህርት ሚኒስቴሩ በ2025 መጨረሻ ባቀረበው ሐሳብ ነርሲንግን ከዚህ ዝርዝር አስወጥቶታል፣ የነርስ ማኅበራትም ተቃውመዋል። እኔ ቀደም ብዬ በመግባቴ አመለጥኩ፤ ከእኔ በኋላ ለሚመጡት ግን ከልቤ አዝናለሁ። ዜግነት ያላችሁና ቤተሰብ የማያስራችሁ ቤተስዳ ያለውን የጦር ኃይሉን የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ እዩት። ትምህርቱ አይከፈልበትም፣ እንደ መኮንን ደመወዝ አለው፣ በምላሹ ግን የአገልግሎት ዓመታት ትፈርማላችሁ።

ለመግባት የሚጠየቀው በወረቀት ቀላል ይመስላል። የነርስ ፈቃድ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት አይሲዩ፣ ጥሩ ውጤት። ሲሲአርኤን የተባለውን የአይሲዩ ሰርተፊኬት የያዘና ከማደንዘዣ ነርስ ጋር ውሎ ሥራውን ያየ ሰው ይመረጣል። እኔ ሁሉንም ይዤ መጀመሪያ ባመለከትኩበት ዓመት ወደቅሁ። ኢንተርቪው ላይ "ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ የገባ፣ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ በሽተኛሽ የደም ግፊቱ እየወረደ ነው፣ ምን ትሰጪዋለሽ?" አሉኝ። ኖርኤፒነፍሪን አልኩ። "ለምን?" ሲሉኝ ዝም አልኩ። ስድስት ዓመት በእጄ ስሰቅለው የኖርኩትን መድኃኒት፣ አልፋ ተቀባዮችን ይዞ የደም ሥሩን እንደሚያጠብብ ማስረዳት አቃተኝ። እቤት ገብቼ አለቀስኩ። በሚቀጥለው ዓመት እያንዳንዱን የምሰቅለውን መድኃኒት "ለምን?" እያልኩ በአማርኛ ለራሴ አስረዳ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ገባሁ።

በጣም የሚያሳስቡኝ ግን አገር ቤት አንስቴቲስት የነበሩት ናቸው። ስንት ሰው አደንዝዘው በሰላም ያነቁ ባለሙያዎች እዚህ አረጋውያን ቤት ይሠራሉ። ያ ልምድ እዚህ ፈቃድ አያሰጥም። መጀመሪያ የነርስ ፈቃድ፣ ቀጥሎ አይሲዩ፣ ከዚያ ነው ይህ ትምህርት ቤት። ለእነሱ የምለው ትራንስክሪፕታችሁን ዛሬ አስልኩ፤ ከዩኒቨርሲቲ ቀጥታ ታሽጎ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፣ የኬሚስትሪ ኮርሱ ካረጀም ድጋሚ ውሰዱ የሚሉ አሉ።

ውድ አዘጋጅ፣ ሌላ ጊዜ ደመወዙን ስታወጡ እባካችሁ ከሥሩ የሦስቱን ዓመትም አስገቡት።

የማደንዘዣ ነርሲንግ ተማሪ፣ ከሜሪላንድ