አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ? ላልሽኝ ልጄ

ባሕር ዳር፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጾሙን ይዛዋለች፤ ሰላም በልልኝ ብላለች።

የላክሽልኝን የዕቃ ዝርዝር ደጋግሜ አየሁት። በስልክ ልመልስልሽ ነበር፤ ግን ነገሩ በስልክ የሚያልቅ አይደለም። «አባዬ፣ ኮምፒውተሩን ለመገጣጠም ዕቃውን አሁን ልግዛ ወይስ እስኪረክስ ልጠብቅ? ወይስ ደመወዝ በተቀበልኩ ቁጥር አንድ አንድ ዕቃ ላጠራቅም?» ነው ያልሽው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። አሁን ግዢ። ዝርዝሩ ላይ ያለውን ሁሉ ግን አትግዢ። የምትገዢውን ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጨርሺው። ምክንያቴን የምጽፍልሽ አምነሽበት እንድታደርጊው ብዬ ነው። አባቴ ስላለኝ ብቻ እንድታደርጊው አልፈልግም።

የጥርን ሠርጎች በዚያ ላፕቶፕ እንዴት እንደጨረስሽ አይቻለሁ። እዚህ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ የቀረጽሻቸውን ሙሽሮች ስትቆርጪ ምስሉ እየቆመ፣ እየዘለለ፣ ድምፁ ቀድሞ እየሄደ። የቆረጥሽውን ወደ አንድ ቪዲዮ እንዲያወጣው ሬንደር ላይ ጥለሽው ትተኛለሽ፤ ጠዋት ስትነሺ ግማሽ ላይ ቆሞ ታገኚዋለሽ። ሥራውን የምትችል ልጅ ዕቃ አንሷት ስትቸገር ማየት አንጀቴን ነው የበላው።

አሁን ጾም ነው፣ ሠርግ የለም። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ከዚያ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት ፋታ አይሰጡሽም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ተገጣጥሞ፣ ተፈትኖ፣ ጉድለቱ ታውቆ ማለቅ ያለበት መጋቢት ላይ ነው። ለኔ ትልቁ መልስ ይኸው ነው። የመግዣውን ጊዜ የሚወስነው ሥራሽ ነው።

ይረክሳል የሚሉሽ ጓደኞችሽ ግን ዝም ብለው አይደለም የሚሉሽ። ዋጋ ሲወጣ ለምን ወጣ ብለሽ ጠይቂ። ምክንያቱ የሚያልቅ ከሆነ መጠበቅ ያዋጣል። በ2013 እና በ2014 ምስሉን የሚያቀናብረው ግራፊክስ ካርድ የማይቀመስ ሆኖ ነበር። አንዱ ምክንያት ኢቴሪየም የሚባለውን የክሪፕቶ (የኢንተርኔት) ገንዘብ ማይን የሚያደርጉ፣ ማለትም በኮምፒውተር ስሌት የሚያመነጩ ሰዎች ካርዱን በጅምላ ይሰበስቡት ስለነበር ነው። ኢቴሪየም ግን ካርድ ወደማይፈልግ አሠራር እንደሚዞር አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ዋጋው ቀደም ብሎ መውረድ ጀመረ። መስከረም 2015 ላይ ዞረ፤ ማይነሮቹም ዩዝድ ካርዳቸውን ገበያ ላይ አወጡት። ያኔ የታገሠ ሰው ተጠቀመ፤ ምን እንደሚጠብቅ ያውቅ ነበርና።

የዘንድሮው የራም፣ የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ዋጋ ግን ሌላ ነገር ነው። የዓለምን ራም በዋናነት የሚያመርቱት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፤ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን። ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሚገነቡት ትልልቅ ዳታ ሴንተሮች ምርታቸውን እየወሰዱት ነው። ማይክሮን ጭራሽ ኅዳር ላይ፣ ክሩሻል በሚል ስም ለእንደኛ ዓይነቱ ገዢ የሚሸጠውን ራምና ኤስኤስዲ (የፋይል ማስቀመጫ) እንደሚያቆም አስታወቀ። አዲስ የቺፕ ፋብሪካ ተሠርቶ ምርት እስኪያወጣ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። በሁለት ወር ይረክሳል ብለሽ እንዳትጠብቂ።

በዚህ ላይ የዶላሩ ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እውነት ለመናገር ብዙው ነጋዴ ቀድሞም በጥቁር ገበያው ሒሳብ ነበር የሚሸጠው። ስለዚህ ዕቃው በዚያው ልክ እጥፍ አልሆነም። ዶላሩ ግን ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ውጭ አገር ያለ ሰው የኅዳርን የብላክ ፍራይዴ ቅናሽ ቢጠብቅ ያዋጣዋል። አንቺ እዚህ ብር ይዘሽ ስትጠብቂ፣ የያዝሽው ብር ራሱ ቆሞ አይጠብቅሽም።

አዲስ ሞዴል ሊወጣ ነው የሚለውን እርሺው። ሁልጊዜም ሊወጣ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሐሳብሽ ልምጣ። በየወሩ አንድ አንድ ዕቃ ማጠራቀም ያልሽው። ብሩን በእጄ ከማቆየው ዕቃ ላድርገው ማለትሽ ይገባኛል። ግን እዚህ ላይ አጥብቄ ልከለክልሽ ነው። ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ማዘርቦርድ መጋቢት ላይ ገዛሽ እንበል፣ የኮምፒውተሩን አንጎል ፕሮሰሰሩን ደግሞ ሰኔ ላይ። ቦርዱ መሥራት አለመሥራቱን የምታውቂው ሰኔ ላይ ነው። የሱቅ ዋስትና የሚቆጠረው ደግሞ ከገዛሽበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ካርቶኑን ከከፈትሽበት ቀን አይደለም። አልጋ ሥር ታሽጎ የከረመ ቦርድ እኔ ጋ ለጥገና ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። ሲገዙትም የሞተ ነበር። ማን ይመልስላቸው? ለወራት ያጠራቀሙት ገንዘብ ነው። እንደነሱ ስትሆኚ ማየት አልፈልግም።

ቀድመሽ ብትገዢው የማይጎዳሽ ኬዝ (ሣጥኑ)፣ ኪቦርድና ሞኒተር ነው። ሞኒተሩን አሁን ባለው ላፕቶፕ ላይ ሰክተሽ ወዲያው ታዪዋለሽ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ግን ቀድመሽ አትግዢ። ባትሪው ሳይሞላ ካርቶን ውስጥ ሲከርም ይደክማል።

ዝርዝርሽ ላይ ያለውን የኤኤምዲ ኩባንያ ፕሮሰሰር አልጠላሁትም። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት፣ ኤኤም5 የሚባለው ሶኬት በ2015 የወጣ ነው፤ ኩባንያውም ቢያንስ እስከ አውሮፓውያኑ 2027 እደግፈዋለሁ ብሏል። ነገ ፕሮሰሰር መቀየር ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው። ግን አዲሱን የራም ዓይነት፣ ዲዲአር5ን ብቻ ነው የሚቀበለው። አሁን እሳት የሆነው ደግሞ እሱ ነው። ለዘንድሮ እኔ የምልሽ ኢንቴል ኮር አይ5 12400 ነው፤ የቀድሞውን ራም፣ ዲዲአር4ን ከሚቀበል ማዘርቦርድ ጋር። አራት የራም ማስገቢያ ያለው ቦርድ ፈልጊ።

ይህን የምልሽ ለራሙ ብቻ አይደለም። ላፕቶፑን የሚያስጨንቀው ካሜራሽ የሚቀርጸው፣ ኤች 265፣ 10 ቢት፣ 4፡2፡2 የሚባለው የተጨመቀ የቪዲዮ ፋይል ነው። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጣቸው ባለው ግራፊክስ ይህን ፋይል በቀጥታ ይፈቱታል። ክዊክ ሲንክ ይሉታል፤ አንቺ ቪዲዮ የምትቆርጪበት ፕሪሚየርም ይጠቀምበታል። ስለዚህ ያለ ግራፊክስ ካርድ መጀመር ትችያለሽ። ዝርዝርሽ ላይ ትልቁን ብር የሚበላው ካርዱ ነበር። እሱን ሠርጎቹ ራሳቸው ይግዙልሽ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። በስሙ መጨረሻ ላይ የእንግሊዝኛው ኤፍ ያለበት 12400 አለ። ረከስ ያለ ነው፤ ግን ግራፊክሱ የለውም። ሻጩ «ያው ነው» ቢልሽ ያው አይደለም። ያለ ካርድ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣልሽም። ዩዝድ የ13ኛ ወይም የ14ኛ ትውልድ አይ7 እና አይ9 በርካሽ ቢያሳዩሽም አትጓጊ። ብዙዎቹ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ወስደው የሚታመሙ ነበሩ፤ ኢንቴል ራሱ አምኖ በ2016 ክረምት የባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ፕሮግራም) ማስተካከያ አወጣ። የተጎዳውን ግን ማስተካከያው አያድነውም። የበፊቱ ባለቤት መቼ እንዳደሰው በምን ታውቂያለሽ?

ራሙን አትግዢ። የቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 አለ። ፈትቼ በሰው እልክልሻለሁ፤ ለእኔ ለጊዜው ስልኬ ይበቃኛል። 16 ጊጋ ለሥራሽ ትንሽ ጠበብ ይላል፤ ግን ያስጀምርሻል። ቀሪዎቹ ሁለት ማስገቢያዎች ሰኔ ላይ ይሞላሉ።

ቦርዱን ስትገዢ ከሱቁ ሳትወጪ ይህን አድርጊልኝ። ሶኬቱን የሸፈነውን ፕላስቲክ አስነሺው። የስልክሽን መብራት አብሪና ቦርዱን በጎን አዘንብይው። ጸጉር የመሰሉ 1700 ፒኖች ሁሉም ወደ አንድ ወገን ጋደል ብለው፣ መስመራቸውን ይዘው መታየት አለባቸው። አንዱ ከታጠፈ መብራቱን በሌላ አቅጣጫ ነው የሚመልሰው፤ ቀስ ብለሽ ስታዞሪው ይለይልሻል። ጣትሽን ግን እንዳታስጠጊ። ፎቶም አንሺው፤ ነገ «አንቺ ነሽ ያጠፍሽው» ቢሉሽ ይጠቅምሻል። ኤስኤስዲውንም ቤት ስትደርሺ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እዪው። አዲስ ብለው የሸጡልሽ ዕቃ በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ከሠራ አዲስ አይደለም፤ በማግስቱ መልሺው።

ለዕቃዎቹ ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ እንዳትቆጥቢ። የኛን መብራት ታውቂዋለሽ። መጥፋቱን እንለምደዋለን፤ ዕቃ የሚያቃጥለው ሲመለስ ነው። ክረምት ላይማ የባሰ ነው። በስሙ የታወቀ፣ 80 ፕላስ የሚል፣ ኤሌክትሪክ ብዙ እንደማያባክን የሚያሳይ ምልክት ያለው፣ ከበድ ያለ ይሁን። ብር ቢያጥርሽ ከኬዙ ቀንሺ። ባለ መስታወቱን፣ ቀለም የሚያበራውን ተዪው። ዩፒኤሱን እኔ ከዚህ እገዛለሁ፤ በአውቶቡስ ይዘሽ አትንገላቺ።

ገጣጥመሽ የምትፈትኚው እዚያው አዲስ አበባ ነው፤ ሱቁ አጠገብሽ እያለ። ፓርት በፓርት የሚሸጥ ሰው እዚህ ጥቂት ነው፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተመላልሶ ዕቃ መለወጥ ደግሞ መንገዱ ሰላም ሲሆንም ከባድ ነው። ሜምቴስት የሚባለውን የራም መፈተኛ ፕሮግራም ለሊቱን ሙሉ አስኪጂው። በማግስቱ ከጥር ሠርጎች ረጅሙን አምጪና ሬንደር አድርጊ፤ ሙቀቱን እያየሽ። እዚህ ሚያዝያ እንዴት እንደሚያነድ ታውቂያለሽ፤ እዚያ ከወዲሁ 90 ዲግሪ ከደረሰ ባሕር ዳር ስታመጪው አይችልም። ፋን ጨምሪለት፣ ወይም ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት አስተካክዪው።

እናትሽ ዕቁቧ ደርሷታል። ለልጄ ይሁን ብላለች፤ እኔም ጨምሬበታለሁ። ካርዱና ራሙ ከወጡ ለቀረው የሚበቃ ይመስለኛል። አንቺ ዝርዝሩን አስተካክለሽ፣ ከሁለት ሦስት ሱቅ ዋጋ ጠይቀሽ እስከ ሐሙስ ላኪልኝ። ዓርብ ጠዋት በባንክ አስገባልሻለሁ። ራሙን የሚያደርስልሽ ሰው እሑድ ይነሣል፤ ስልክሽን ሰጥቼዋለሁ፣ ሲደውልልሽ አንሺ።

አባትሽ