ሰዓቱ ለሁለት ተከፍሎ ይነገረን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. እኔ በምኖርባት በሮም ስለተካሄደው የአውሮፓ የውሃ ዋና ሻምፒዮና ያወጣችሁትን ዜና አንብቤዋለሁ። ሮማኒያዊው ዳቪድ ፖፖቪች በ17 ዓመቱ የ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ46.86 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን መስበሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፉ ግን አስቆጭቶኛል።

የተሰበረው ሰዓት ብራዚላዊው ሴሳር ሲዬሎ ሐምሌ 2001 ዓ.ም. በዚያው በፎሮ ኢታሊኮ ገንዳ ያስመዘገበው 46.91 ነው። ሲዬሎ የዋኘው ሰውነትን ውሃ ላይ በሚያንሳፍፈው የፖሊዩሬቴን ልብስ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ልብሱን ከታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. ጀምሮ ስላገደ ሰዓቱ 13 ዓመት ሙሉ ሳይደፈር ቆየ። ፖፖቪች ያሻሻለው በተራ የጨርቅ ልብስ ነው፤ ይህ ብቻውን ዜና ነበር።

ከሁሉም በላይ የጎደለው ግን የ50 ሜትሩ፣ ማለትም ዋናተኛው ገንዳውን አንዴ አቋርጦ ለመመለስ ሲዞር የሚያዘው ሰዓት ነው። ያን ምሽት ከልጄ ጋር ገንዳው ዳር ካሉት መቀመጫዎች በአንዱ ላይ ነበርን። የሲዬሎን ሰዓት ለሁለት ከፍላ፣ ለመሄጃው 22.17፣ ለመመለሻው 24.74 ብላ ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች። ፖፖቪች በ22.74 ሲዞር ቁጥሩን ከሰሌዳው አንብባ «አባዬ፣ በቃ፣ አልደረሰም» አለችና እርሳሷን አስቀመጠች። ከግማሽ ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበርና አልፈረድኩባትም። እሱ ግን ሌሎቹ ክንዳቸው ሲዝል ቀዘፋውን ሳያሳጥር መመለሻውን በ24.12 ጨረሰው። ሁለተኛ የወጣው የሃንጋሪው ክሪስቶፍ ሚላክ፣ ሦስተኛ የወጣው የጣሊያኑ አሌሳንድሮ ሚሬሲ ነው፤ እነሱም በዜናችሁ አልተጠቀሱም።

ዋና ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ስለሆነ ዝርዝሩ ይሰለቸዋል የሚል ሐሳብ ካለ አልቀበለውም። «ማርሽ ቀያሪው» ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ የመጨረሻዎቹን መቶ ሜትሮች እንዴት እንደሮጠ ለልጁ የሚተርክ፣ የ10 ሺህ ሜትር ሩጫን ዙር በዙር ሰዓት እየያዘ የሚከታተል ሕዝብ፣ ኋላ ቀርቶ መጨረስ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ቁጥሩን ብቻ ስጡት።

ስለዚህ ከእንግዲህ የዋና ውጤት ስታወጡ ከጠቅላላው ሰዓት ጎን የመሄጃውንና የመመለሻውን ሰዓት በቅንፍ እንድታክሉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከግማሽ መስመር በላይ ቦታ አይወስድም።

አክባሪያችሁ
አንድ የዘወትር አንባቢ፣ ከሮም