ጥይት አየሁ ያለውን ልጅ አትመርምሩት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎጃም ነው፣ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ጥይት ወይም ቦምብ ወድቆ ሲገኝ ምን ይደረግ የሚለው ጉዳይ በስብሰባ ላይ ብዙም አይነሳም። ቢነሳም "ለሚመለከተው አካል ይነገር" ይባልና ይታለፋል። ልጅ የሚጎዳው ግን የሚመለከተው አካል እስኪመጣ ባለው ሰዓት ውስጥ ነው። ልናገር የፈለግኩት ስለዚያ ሰዓት ነው።

ዋናውን ላስቀድም። በእኛ አካባቢ አንድ ተማሪ "ቲቸር፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ጥይት አየሁ" ብሎ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ "ከየት አመጣኸው?" ነው። ከዚያ ማን ጣለው፣ ከማን ጋር ነበርክ፣ አባትህ ምን ይሠራል እያለ ይቀጥላል። ልጁ ቢሮ ይገባል፣ ወላጅ ይጠራል፣ ወሬው ሰፈር ይደርሳል። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ አንድን ቤተሰብ ምን ሊያመጣበት እንደሚችል ጎጃም ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ዝርዝር አያስፈልገውም። ይህን ሁሉ ያዩ ሌሎች ልጆች ደግሞ በቀጣዩ ጊዜ ሲያገኙ አይናገሩም። ኪሳቸው ይከቱታል፣ ለጓደኛ ያሳዩታል፣ ወይም ማንም ሳያያቸው ቆሻሻ ማቃጠያው ጉድጓድ ውስጥ ይወረውሩታል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህች አንዷ ትያዝልኝ፦ አየሁ ብሎ የተናገረ ልጅ የት እንዳየው ብቻ ይጠየቅ። "ጎበዝ፣ ደግ አደረግክ" ይባልና ወደ ክፍሉ ይመለስ። ስሙም አይጻፍ።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ አውቃለሁ። አዋጁ የወጣው መሣሪያ የሚይዘውንና የሚያዘዋውረውን ሰው ለመቆጣጠር ነው። መንገድ ላይ ወድቆ ያየን የአምስተኛ ክፍል ልጅ ማስፈራሪያ እንዲሆን አይደለም።

ጥይቱ ግቢ ውስጥ ምን ይሠራል ለሚል ሰው መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ውጊያ አለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፣ ብዙዎቹም ታጣቂ አድሮባቸዋል። የትኛው ወገን አደረ የሚለው ለዚህ ደብዳቤ አስፈላጊ አይደለም፣ የወደቀ ቦምብ የማን እንደሆነ አይናገርም። የታጠቀ ሰው ባደረበት ክፍል ጥይት ከዝናር ይንጠባጠባል፣ ችኩል ሆኖ የወጣ ሰው የተረሳ ነገር ጥሎ ይሄዳል። አጥር ሥር ምሽግ ተቆፍሮ ከነበረ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ምን እንደቀረ ማንም አያውቅም። ውጊያው ሳይደርስበት እንኳ፣ ጎጃም ከአርበኞቹ ጊዜ ጀምሮ መሣሪያ ቤት ውስጥ የሚኖርበት አገር ነው። ሠርግ ላይ ይተኮሳል፣ ለቅሶ ላይ ይተኮሳል። ወንድ ልጅ ጥይት ሲያይ እንዲደነግጥ ተደርጎ አላደገም፣ እንዲያውም ባይፈራ ነው የሚመሰገነው። ቀለህ አንስቶ ያፏጭበታል፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል፣ ብረታ ብረት ለሚገዛው ቆራሌ ይሸጠዋል። ችግሩ በቀለህና ባልተተኮሰ ጥይት መካከል ያለውን ልዩነት የስምንት ዓመት ልጅ ሁልጊዜ አይለይም። ለዚህ ነው "ቀለህ ይቻላል፣ ጥይት አይቻልም" ብሎ ማስተማር የማይሠራው። ሁለቱም አይነሳም፣ በቃ።

አሁን ሁላችንም ወደምናውቀው ልምድ ልምጣ፣ በጣም የሚያስፈራኝም እሱ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የጽዳት ዘመቻ አለ። ተማሪው ማጭድ ያመጣል፣ ዶማ ያመጣል፣ ክረምቱን ሙሉ ጉልበት ድረስ ያደገውን ሣር ያጭዳል፣ ጥራጊውን ሁሉ ሰብስቦ ያቃጥላል። ደግ ልማድ ነው፣ እኔም ልጅ ሆኜ ያደግኩበት ነው። ታጣቂ ባደረበት ወይም ተኩስ በነበረበት ግቢ ግን ይህ ዘመቻ እንደድሮው መካሄድ የለበትም። ሣሩ ውስጥ ያለውን ነገር ማጭዱ ከዓይን በፊት ያገኘዋል። ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ሐምሌ ላይ ያልነበረውን መስከረም ላይ ያወጣዋል። እሳቱ ደግሞ የባሰ ነው። ጠመንጃ ውስጥ ያልገባ ጥይት እሳት ውስጥ ሲፈነዳ እርሳሱ እንደተተኮሰ ሩቅ ላይሄድ ይችላል፣ ነገር ግን ነሐሱ ተሰንጥቆ ስብርባሪው ይበተናል፣ እሳቱን ከበው የቆሙት ልጆች ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ቦምብ ከሆነማ ምን እላለሁ። የችግኝ ጉድጓድ ማስቆፈርም ያው ነው።

ስለዚህ እንዲህ ባሉ ግቢዎች ልጅ ከመግባቱ በፊት ትልቅ ሰው ይዙር። ስለ ፈንጂ የሠለጠነ ባለሙያ ቢገኝ እሰየው። ካልተገኘ ርእሰ መምህሩ፣ የግቢው ጥበቃና ከወላጅ መምህር ኅብረት አንድ ሁለት ሰው፣ በተለይ ወታደር የነበረ ሰው ሰፈር ውስጥ ካለ እሱም ተጨምሮ፣ በተለመደው የእግር መንገድ ላይ ብቻ እየሄዱ በዓይን ይዩ። ሣር አይግለጡ፣ በዱላ አይነካኩ፣ ሣሩ ወደበዛበት አይግቡ። የክፍሎቹን ጥግ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ጀርባ፣ የተሰባበረ ወንበር የተከመረበትን፣ መጸዳጃ ቤቱን በደንብ ይመልከቱ። ሣሩ ያልታየበት የግቢው ክፍል እስኪጣራ ተዘግቶ ይቆይ፣ ልጆቹ በግማሹ ግቢ ይጫወቱ። ሣር በዝቷል ብሎ የሚወቅስ ሱፐርቫይዘር ቢመጣ ምክንያቱ ይነገረው።

ነገሩ ከተገኘ በኋላስ? እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንዱ መናቅ ነው። ዘበኛው አንስቶ ኪሱ ይከተዋል፣ ወይ ርእሰ መምህሩ ጋ ይሄድና መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። መሳቢያው ያለበት ቢሮ ውስጥ ተማሪ ይገባል፣ ጸሐፊ ትሠራለች። ሁለተኛው ለአንዲት ጥይት ትምህርት ቤቱን ሙሉ በሩጫ ማስወጣት ነው። በግርግር የሚወድቅ ልጅ ይጎዳል፣ ዳግመኛም ትምህርት መቅረት የፈለገ ልጅ ጥይት ማምጣት ይጀምራል። አንዲት የክላሽ ጥይት መሬት ላይ ስትገኝ ልጆቹን ከአካባቢዋ ማራቅ፣ አንድ መምህር ራቅ ብሎ እንዲቆም ማድረግና ፖሊስ መጥራት ይበቃል። በራሷ ተነስታ አትፈነዳም። የምትፈነዳው ስትቀጠቀጥ፣ ከታች ያለችው ትንሽ ክብ በምስማር ስትመታ ወይም እሳት ሲነካት ነው፣ ልጆች ደግሞ የሚያደርጉት በትክክል ይህንን ነው።

የእጅ ቦምብ፣ የሞርታር ቅምቡላ፣ የአርፒጂ ተተኳሽ ወይም ምን እንደሆነ ያልታወቀ ብረት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ተተኩሶ ሳይፈነዳ የቀረ ነገር ካልተተኮሰው ይበልጥ አደገኛ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። "ከወደቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ዝጓል፣ ሞቷል" ይላሉ። ሲተኮስ የሚያፈነዳው ክፍል፣ ፊውዙ፣ ለመፈንዳት ተዘጋጅቶ ሊሆን ይችላል፣ ዝገቱም አይገድለውም። ትንሽ ንቅናቄ ይበቃዋል። የእጅ ቦምብ ደግሞ ማንሻው ከተለቀቀ በኋላ ያለው ጊዜ 3 ወይም 4 ሰከንድ ነው። ፍንጣሪው በአንዳንዱ ዓይነት እስከ 200 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሁለት የኳስ ሜዳ ማለት ነው፣ ብዙዎቹ ግቢዎቻችን ያን ያህል ስፋት የላቸውም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ልጆቹ ከግቢው ይውጡ፣ ግቢውን አልፈው ይሂዱ። የጭቃ ግድግዳ ጀርባ መቆም መዳን አይደለም።

አወጣጡ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ደወሉን አትደውሉ! ልጆቹ ደወል ሲሰሙ የት ነው የሚሮጡት? ወደ ሰንደቅ ዓላማው፣ መሐል ሜዳ ላይ። ተሰልፈው ይቆማሉ። ቦምቡ ሜዳው ዳር ላይ ቢሆንስ? መምህራን ክፍል በክፍል እየዞሩ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ነገሩ ካለበት በተቃራኒ በኩል ባለው በር ያስወጧቸው። አጥሩ አንድ በር ብቻ ካለው ሁለተኛ መውጫ ይከፈትለት፣ ብዙ ወጪ የለውም። የመሰብሰቢያው ቦታ አስቀድሞ ይታወቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሁን ሌላ ሜዳ። እዚያም ስም ይጠራ። ስልክም ነገሩ አጠገብ ቆሞ መደወል አያስፈልግም፣ ፎቶ ለማንሳትም መቅረብ አያስፈልግም። ፌስቡክ ላይ የሚለጠፍ ፎቶ ስንቱን ሰው እንዳቀረበ ማየት ይቻላል።

ነገሩ በልጅ ቦርሳ ውስጥ ሲገኝ ብዙ መምህር ይደነግጥና ቦርሳውን ይቀማል። አይቀማ። ልጁም "አውጣና አሳየኝ" አይባል። ቦርሳውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ እንዲያስቀምጥ፣ ተነስቶ እንዲመጣ በሰላማዊ ድምፅ ይነገረው። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ይውጣ። መገሠጹ ሌላ ቀን ይደርሳል።

የእኛን አካባቢ ከሌላው የሚለየው ግን የባለሙያው መዘግየት ነው። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከፍኖተ ሰላም ብዙ ርቆ ላለ የገጠር ትምህርት ቤት መንገዱ አንዳንድ ሳምንት ይዘጋል፣ ኔትወርኩም አይኖርም። "ፖሊስ ጥሩ" የሚለው መመሪያ ብቻውን እዚያ ምንም አያደርግም። ባለሙያው በሦስተኛው ቀን ቢመጣስ? እስከዚያ ቦታው መከለል አለበት። ከነገሩ ብዙ ራቅ ብሎ፣ ችካል ሳይመታ፣ መሬት ሳይቆፈር፣ የእሾህ ቅርንጫፍ ዙሪያውን ይጣል፣ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበት። ቅዳሜና እሑድ ግቢው ውስጥ ከብት የሚያስግጡ እረኞች አሉ፣ ለእነሱም ለወላጆቻቸውም ይነገር። ማታ ማን እንደሚጠብቅ ቀበሌው ይወስን፣ ለጥበቃው ሰውም አበል ይከፈል። አስተማሪው ሳይማር፣ አበል ሳያገኝ፣ ኃላፊነቱን ብቻ ተሸክሞ የሚያድርበት አሠራር አይቀጥልም። አደጋ ከደረሰ ደግሞ የቆሰለውን ልጅ ደም በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ማንም ሊማረው ይችላል። የቀይ መስቀል ክበብ ያለው ትምህርት ቤት በዚህ ቢጀምር ጥሩ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 በየክፍሉ በር ላይ ይጻፍ። ኔትወርክ በሌለበት ደግሞ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ መኪና ወይም ባጃጅ ያለው ሰው ስሙ አስቀድሞ ይታወቅ።

ይህ አገራችን ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። ከኤርትራ ጦርነት በኋላ ትግራይና አፋር ውስጥ ስለ ፈንጂ አደጋ ለሕዝብ ትምህርት ይሰጥ ነበር፣ ፈንጂ የሚያመክን መሥሪያ ቤትም ተቋቁሞ ሠርቷል። ኢትዮጵያ የፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ስምምነት በ1997 እ.ኤ.አ. ፈርማ በ2004 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። በሰሜኑ ጦርነትም ወሎና ሰሜን ጎንደር ውስጥ ልጆች በወዳደቀ ፈንጂ ተጎድተዋል። እንግዲህ እውቀቱ አለ፣ የሠለጠኑ ሰዎችም አሉ። ጎጃም ውስጥ ያለው መምህር ግን ይህን ትምህርት ያገኘው የት ነው? እኔ አላገኘሁም፣ የማውቃቸው ባልደረቦቼም አላገኙም። ለልጆች የሚነገረው ነገር ደግሞ በጣም አጭር ነው፦ አትቅረብ፣ አትንካ፣ ለትልቅ ሰው ንገር። በሰልፍ ላይ በየሳምንቱ ሰኞ ሊባል ይችላል። ሚኒ ሚዲያው ሊያነበው፣ የአማርኛ መምህሩ ለንባብ ሊያስነብበው ይችላል። ብር አይፈልግም።

ከክልሉ ትምህርት ቢሮ የምንፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ልጁ እንደማይመረመር፣ ስሙም እንደማይያዝ በግልጽ የሚናገር፣ ፖሊስም የሚቀበለው፣ ማኅተም ያለበት። ማኅተም የሌለው ነገር እኛ ጋ አይሠራም፣ ርእሰ መምህሩ ልጁን ለመከላከል ቢፈልግ እንኳ የሚያሳየው ነገር ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ጥያቄዬ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ነው። የዘንድሮው ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ታጣቂ ያደረባቸውን ግቢዎች ዝርዝር አውጡና የጽዳት ዘመቻው እነዚያ ላይ እንዲቆይ አድርጉ። ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ደግሞ፣ ይህን ደብዳቤ ካወጣችሁት፣ መልስ የሚሰጥ ኃላፊ ካለ መልሱንም እንድታወጡት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መምህር፣ ከጎጃም