ለጥር ምልከታ፦ የኦሪዮን ኔቡላ

ውድ አባላት፣

በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ኦሪዮን የተባለው የኮከቦች ስብስብ ከሐዋሳ አናት ላይ ይሆናል። ጨረቃ የሌለችበትን ምሽት ምረጡ። በስብስቡ መሃል በአንድ መስመር ከተደረደሩት ሦስት ኮከቦች ትንሽ ወደ ደቡብ ያለችው ደብዛዛ ነጥብ ኔቡላው (የጋዝና የአቧራ ደመናው) ናት፤ 1,350 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች።

10×50 ባይኖኩላር (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊሜትር የሆነ) ይበቃል፣ ክርናችሁን ካላስደገፋችሁ ግን ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ቴሌስኮፕ ያላችሁ 50 እጥፍ አጉሉ፤ መሃሉ ላይ ጋዙን የሚያበሩት አራት ወጣት ኮከቦች ይለያሉ። ለእኛ ከሁሉ የሚያምረው ይህ እይታ ነው። ሮዝ ቀለም አትጠብቁ! ዓይን የሚያየው ግራጫ ነው፤ የሃይድሮጅን ሮዝነት የሚወጣው ረጅም ጊዜ ወስዶ በተነሳ ፎቶ ላይ ነው።

ስልክ ከከፈታችሁ ዓይናችሁ ጨለማውን እንደገና ለመልመድ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ሐይቁ ዳር ሌንስ ጤዛ ከያዘው በነጠላ አትጥረጉት፣ ይቧጨራል፤ ክዳኑን ገጥማችሁ ጃኬት ውስጥ አሙቁት።