«የመሥራት ሥራ እየተሠራ ነው»

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ጆሮ ስለሚያታክት አነጋገር ወሬ በተነሣ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወጣቱ ላይ ነው። «ቤዚካሊ» ይላል፣ «እንትን» ያበዛል፣ የድሬ ልጅ ደግሞ ያለ «አቦ» አፉን አይከፍትም ይባላል። «አቦ»ን እንኳ ተዉልን። «አቦ ተወኝ» ምሬት ነው፣ «አቦ ና እንጂ» ልመና ነው፤ እንደ ድምፁ አወጣጥ ሥራውን ይሠራል። ባዕድ ቃል ገባ ብሎ መቆጣትም፣ ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ ለገሃሬ የሚል ሰፈር ላወጣች ከተማ አያምርም። «ቤዚካሊ» የሚያናድደው ከዓረፍተ ነገሩ ቢወጣ የሚጎድል ነገር ስለሌለ ነው። «ማለት ነው»ም እንደዚያው። አንድን ነገር ሲያብራሩ ቦታው ነው፤ «ነገ እመጣለሁ ማለት ነው» ሲባል ግን ትንፋሽ መሰብሰቢያ ከመሆን አያልፍም። ለመተው የፈለገ ሰው የሁለት ደቂቃ ንግግሩን በስልኩ ቀድቶ ያዳምጥ፤ «ማለት ነው» ባለበት ቦታ ሁሉ ዝም ማለትን ይልመድ። ዝምታው ለተናጋሪው ይረዝምበታል እንጂ አድማጭ ልብም አይለው።

ዋናው በሽታ የወጣው ከቢሮ ነው። «ቦዩን የማጽዳት ሥራ በትኩረት እየተሠራ ይገኛል።» ስድስት ቃል። «ቦዩን እያጸዳን ነው» ሦስት። ርዝመቱን ይቅር እንበል፤ የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ነው የሚሄደው፦ አጸዳሁ፣ አጸዱ፣ አጸዳን። መጨረሻውን ብቻ ሰምቶ ማን እንደሠራው ይታወቃል። ግሱን «ማጽዳት» ብለው ስም ሲያደርጉት ባለቤቱ ይወድቃል። «ሥራ» ይለጠፍበታል። ከዚያ «እየተሠራ» ይመጣል፤ ውስጡ ያለችው «ተ» የቀረውን ዱካ ጠርጋ ትወስዳለች። «በትኩረት» ደግሞ የገባው ቀንና ቦታ እንዳይጠየቅ ነው። አድማጩ አንድ ትልቅ ነገር የሰማ ይመስለዋል፤ ቦዩ ግን እንደተደፈነ ነው።

ቀጥሎ «ሁኔታ» አለላችሁ። «መብራት የሚጠፋበት ሁኔታ ነው ያለው።» ጠፍቷል? ሊጠፋ ነው? በሳምንት አንዴ ነው በቀን ሦስቴ? ጊዜውም መጠኑም የለም። በሚኒባስ «ወራጅ አለ» የሚለው ተሳፋሪ «የመውረድ ሁኔታ ነው ያለኝ» ቢል ኖሮ ከዚራ ሰፈር የሚወርደው ሰው ሳቢያን ሰፈር ይደርስ ነበር። («ባለድርሻ አካላቶች»ን በቅንፍ ልለፈው፤ «አካላት» ራሱ ብዙ ቁጥር ሆኖ ሳለ «ኦች» ይደረብበታል፤ «መምህራኖች» እና «ሕፃናቶች»ም እንዲሁ።)

ይህ የጆሮ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍላችሁም ነበር። ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ጎርፉ የሚመጣው ግን ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል ሲዘንብ ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም ክረምት ሌሊት ላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እንግዲህ ማስጠንቀቂያ በቢሮ አማርኛ ይጻፍ ብንል እንዲህ ይሆናል፦ «የጎርፍ ስጋት ሊከሰት የሚችልበት ሁኔታ በመኖሩ በወንዝ ዳርቻ የሚገኙ የኅብረተሰብ ክፍሎች አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ እናሳስባለን።» ስጋት አይከሰትም፤ የሚከሰተው ጎርፉ ነው። «አስፈላጊው ጥንቃቄ» ምን እንደሆነም አልተነገረም፦ ዕቃ መሰብሰብ ነው፣ ልጅ ማሸሽ ነው፣ ወይስ በር መዝጋት? ይህን ሰምቶ በር የዘጋ ሰው የታዘዘውን ፈጽሟል። «ደንገጎ ላይ ከባድ ዝናብ እየጣለ ነው። ደቻቱ ውስጥና ዳር ያላችሁ አሁኑኑ ውጡ፤ ልጆችና አረጋውያንን አስቀድሙ፤ ዕቃ ለማንሣት አትመለሱ» ቢባል የሚያደናግር ነገር የለውም። በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ለመድገምም ይኸኛው ይቀላል። የፊተኛውን የሚተረጉም ሰው መጀመሪያ ወደ አማርኛ መተርጎም አለበት።

ማስታወቂያና ሪፖርት ለምታረቅቁ፦ ረቂቁ ላይ «ሥራ»፣ «ሁኔታ»፣ «አኳያ» እና «አንጻር» የሚሉትን አስምሩባቸው። ከ«ሥራ» በፊት «የማ…» ወይም «የመ…» ካለ፣ ያንን ወደ ግስ መልሱና «ሥራ»ን ሰርዙ። «ከማሻሻል አኳያ» የሚለው ብዙ ጊዜ «ለማሻሻል» ነው። ከዚያ ባለቤቱን፣ ቦታውንና ቀኑን አስገቡ። አብዛኛው ሰው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ አማርኛው ከብዶት አይደለም፣ ማን መቼ እንደሚሠራው ስላልተወሰነ ነው። እንዲህ ከሆነ ማስታወቂያው ገና አልደረሰምና ይቆይ። ሁሉም «ተ» ጥፋተኛ አይደለም፤ ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ «ቆጣሪው ተሰርቋል» ትክክል ነው። በደብዳቤ አናት ላይ ያለው «ለሚመለከተው ሁሉ»ም ማንንም አልበደለም።

ጋዜጣችሁም ከዚህ ነፃ አይደለም። የዜናው አንቀጽ ሁሉ በ«ገልጸዋል» ይዘጋል፤ ቀጣዩ በ«አክለውም» ይከፈታል፤ የሰውየው ቃል ከነሥራው፣ ከነሁኔታው ይታተማል። ዘጋቢያችሁ «በትኩረት እየተሠራ ነው» ሲባል «ማን ነው የሚሠራው? እስከ መቼ?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ካጣም «ቀኑን ተጠይቀው አልተናገሩም» ብላችሁ አትሙት።

አንባቢያችሁ
ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን