ሱፐር ግሉ ላጨጋገገው የሞዴል አውሮፕላን መስታወት አሴቶን መፍትሔ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በወጣቶች ዓምዳችሁ ስለ ሞዴል አውሮፕላን አሠራር በቅርቡ የወጣውን ጽሑፍ ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን አንብበነዋል። ለዚህ ሥራ ቦታ መስጠታችሁ በጣም አስደስቶናል። ነገር ግን ሱፐር ግሉ ያጨጋገገውን የአብራሪ ክፍል መስታወት አሴቶን ባለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጥረጉ፣ የተጫረውን ደግሞ በቀለም ሸፍኑት የሚሉት ሁለት ምክሮች መታረም አለባቸው ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

የመጀመሪያው ምክር ያስከተለውን ጉዳት በዓይኔ አይቻለሁ። እዚህ ጅማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ እየመጡ ከሚሠሩት ልጆች አንዱ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገበትን ዓይነት አውሮፕላን በ1 ለ72 ልኬት ለመሥራት ሁለት ወር ደክሞበታል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ዘመድ ከውጭ አገር ያመጣለት ሞዴል ነው። ጽሑፋችሁን አንብቦ የጨጋገገውን የፊት መስታወት በአሴቶን በነከረው ጥጥ አንድ ጊዜ ብቻ አበሰው። ላዩ ወዲያው ሟሟ፤ ጥጡ ተጣበቀ፤ ሲያላቅቀውም ክሮቹ ፕላስቲኩ ውስጥ ተቀብረው ቀሩ። ልጁ ምንም ሳይናገር ሞዴሉን ወደ ካርቶኑ መልሶ ሲከተው ማየት ከብዶኝ ነበር።

እኛ በልማድ መስታወት የምንለው ይህ ክፍል ፖሊስታይሪን የተባለ ፕላስቲክ ነው። ግራጫው የሞዴሉ አካልም ከዚያው ፕላስቲክ ይሠራል፤ ነገር ግን እንዳይሰበር ጎማ ይቀላቀልበታል። ጎማው ብርሃን ስለሚበትን በመስታወቱ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህም መስታወቱ ጥርት ያለ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። አሴቶንና ቲነር ሁለቱንም ያሟሙአቸዋል፤ በግራጫው ላይ የደረሰው ጉዳት በቀለም ሊሸፈን ሲችል በመስታወቱ ላይ የደረሰው ግን ተገልጦ ይቀራል።

ጭጋጉ ራሱ ከሱፐር ግሉ የሚነሣው ተን መስታወቱ ላይ አርፎ ሲደርቅ የሚፈጠር ነጭ ሽፋን ነው። የአየር እርጥበት ያባብሰዋል፤ ዝናቡ ለብዙ ወራት በማይለየን በጅማ እኛ ይህን ደጋግመን አይተነዋል። ሽፋኑ ላይ ላዩን የተቀመጠ ስለሆነ በመወልወል ይለቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን መስታወትን በሱፐር ግሉ ከመለጠፍ ፈጽሞ መቆጠብ ነው። አናጺዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ሲደርቅ ይጠራል፤ ሳይደርቅ ከፈሰሰም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። መስታወቱ ተዘግቶ ከተለጠፈ በኋላ በውስጥ በኩል የቀረን ጭጋግ ግን ሳያላቅቁ ማንሣት አይቻልም።

ወደ ጭረቱ ልምጣ። ጭረት የሚታየን ጠርዙ ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። በ1 ለ72 ልኬት 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ ጭረት በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ ስፋት እንዳለው ቦይ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ዓይን ቢቆረቁር አያስገርምም። ሆኖም በቀለም የተሸፈነ መስኮት ያለው ሞዴል ዓይኑን የጨፈነ ያህል ነው፤ ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የሚደሰቱት በመስታወቱ ውስጥ የአብራሪውን ወንበር ሲያዩ ነውና ይህን ደስታ ልንነፍጋቸው አይገባም።

እኔ መጀመሪያ ክፍሉን ውሃ ውስጥ ነክሬ አየዋለሁ። ውሃው ሲሞላው ጭረቱ የጠፋ ከመሰለ ጥልቀት የለውም ማለት ነው፤ ውሃ ውስጥ እያለም እንደዚያው የሚያብለጨልጭ ከሆነ ምናልባት ስንጥቅ ነው፤ ስንጥቅ ደግሞ በመሞረድ አይጠፋም። ለጭረት፣ መስታወቱ በጣቴ ግፊት እንዳይሰነጠቅ ውስጡን ልጆች በሚጫወቱበት ፕላስቲን ሞልቼ፣ መኪና ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የውሃ ብርጭቆ ወረቀት በ1000 ቁጥር ጀምሬ ወደ 1500፣ ከዚያም ወደ 2000 እሸጋገራለሁ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይበልጥ ለስላሳ ነው። ወረቀቱንም መስታወቱንም ዘወትር በውሃ አርሳለሁ፤ ወረቀት በቀየርኩ ቁጥርም ክፍሉን አጥቤ የመሞረጃውን አቅጣጫ እቀይራለሁ፤ እንዲህ ሲደረግ የቀደመው ወረቀት ጭረት ገና መኖሩ በግልጽ ይታያል። በመካከል መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ነጭ ይሆናል። ጀማሪ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙዎችም ተስፋ ቆርጠው የሚያቆሙት እዚሁ ነው። ነገር ግን ተራ ነጭ የጥርስ ሳሙና በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ይዞ ያለ ኃይል፣ በትዕግሥት ማሸት ከተጀመረ ግልጽነቱ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ኃይል ከበዛ ፕላስቲኩ ይግላል፤ ከጋለም ይጨማደዳል። በርጩማ የሚጠርቡ የጅማ ባለሙያዎች እንጨቱን ለማለስለስ የሚያወጡትን ጊዜ ያየ ሰው ይህ ሥራ ለምን እንደማይቸኮልበት ይገባዋል።

በእኛ አገር መለዋወጫ መስታወት አዝዞ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በቀለም ሸፍኑት የሚለው ምክር ለልጆቻችን አይስማማም። በሚቀጥለው እትም የአሴቶኑን ምክር ታርሙልኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ጽሑፋችሁን ያነበበ ሌላ ልጅ ዛሬም ጥጥ ይዞ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፤
የፊዚክስ መምህር፣ ከጅማ